እውነተኛ ቁጥር የሚገኝበት የሥራ ቦታ፦ መተማመንን ስለመገንባትና መረጃን ለማያቋርጥ መሻሻል ስለማዋል

በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በላይኑ፣ ማለትም በስፌት መስመሩ፣ መጨረሻ ላይ የሚቆመው የጥራት ተቆጣጣሪ በቀን ውስጥ ስንት ሸሚዝ ላይ ጉድለት እንዳገኘ ይመዘግባል። ያ ቁጥር ወደ ሱፐርቫይዘሩ፣ ከሱፐርቫይዘሩ ወደ ምርት ክፍል ኃላፊው፣ ከዚያም ሥራ አስኪያጁ ወደሚያየው ኤክሴል ይሻገራል። በእያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ አንድ ሰው ቁጥሩን እንዳለ ያስተላልፋል ወይም ጥቂት ያለሰልሰዋል። ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ የሚወስነው ሐቀኝነቱ ብቻ አይደለም፤ ይበልጡን ባለፈው ጊዜ መጥፎ ቁጥር ይዞ የቀረበው ባልደረባው ምን እንደደረሰበት ማየቱ ነው። ስለዚህ በመረጃ ተደግፎ ሥራን ለማሻሻል የሚነሳ ኃላፊ ሶፍትዌር ከመግዛቱና ሰሌዳ ከመስቀሉ በፊት መጥፎ ቁጥር ይዞ የሚመጣን ሰው እንዴት እንደሚቀበል መወሰን አለበት። ከዚህ በታች የስፌት ላይን ምሳሌ ሆኖ ቀርቧል፤ በጤና ጣቢያም ሆነ በባንክ ቅርንጫፍ የሚሠራ አንባቢ ነገሩን ወደ ራሱ ሥራ ለማምጣት አይቸገርም።

ካይዘን የሚባለው ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ፣ ከጃይካ፣ ጋር በመተባበር ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ በ30 ድርጅቶች ሙከራ ተደርጎ፣ በእ.ኤ.አ. 2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማፅዳት፣ ማላመድ እና ማዝለቅ የሚባሉት አምስቱ ማዎች በብዙ ፋብሪካ ግድግዳ ላይ ተጽፈው ይታያሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በጥቂት ሳምንታት ዓይን የሚሞላ ውጤት ይሰጣሉ፤ ወለሉ ይጸዳል፣ መቀሱና የመርፌ ሣጥኑ ቦታ ይይዛሉ። ማዝለቁ ላይ ሲደረስ ግን ሥራው ይከብዳል። በእኔ እምነት ለዚህ ዋናው ምክንያት የሥልጠና ማነስ ሳይሆን፣ ችግርን በግልጽ መናገር በብዙ መሥሪያ ቤት እስካሁን ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑ ነው። ግምገማ ማለት ጥፋተኛ የሚፈለግበት ስብሰባ ሆኖ የኖረበት ቦታ ላይ አዲስ ቅጽ ስለታተመ ብቻ ሰው አይለወጥም።

መጀመሪያ፦ ለመማር የሚሰበሰበውን ቁጥር ከቅጣት ለዩ

ኤሚ ኤድመንድሰን የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ በእ.ኤ.አ. 1996 ባወጡት ጥናት የሆስፒታል ነርስ ቡድኖችን የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተት አነጻጽረው ነበር። የሚጠበቀው ጥሩ አመራር ያለው ቡድን ጥቂት ስህተት እንዲያሳይ ነበር፤ የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው። ጠጋ ተብሎ ሲታይ በእነዚያ ቡድኖች ውስጥ ያሉ ነርሶች የተፈጠረውን ስህተት ለመናገር አይፈሩም ነበር፤ በሌሎቹ ግን ስህተቱ ይደበቅ ነበር። ይህን ውጤት ያወቀ ኃላፊ በሰሌዳው ላይ ዜሮ የሚል ቁጥር ለተከታታይ ሳምንታት ሲያይ ከመደሰቱ በፊት ወደ ላይኑ ወርዶ ማየት ይኖርበታል።

በተግባር የሚከተለውን አድርጉ። ከሠራተኞቹና የሠራተኛ ማኅበር ካለም ከተወካዮቹ ጋር ተነጋግራችሁ፣ ለማሻሻያ የሚሰበሰበው የጉድለት መዝገብ ለዲሲፕሊን፣ ለቦነስ ቅነሳና ለዓመታዊ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ እንደማይውል በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ፈርሙ። መዝገቡ የጉድለቱን ዓይነት፣ የተከሰተበትን የስፌት ደረጃና ሰዓቱን ይያዝ፤ የኦፕሬተሯ ስም አያስፈልገውም። ሆን ተብሎ የሚደረግ ጥፋት በሥራ ደንቡ መሠረት በሌላ መንገድ ይታያል፤ ሁለቱ አይደባለቁ። ይህን ስምምነት አንድ ጊዜ እንኳ ብታፈርሱ፣ ለምሳሌ የላይን 4ን መዝገብ አውጥታችሁ አንዲትን ልጅ ከሥራ ለማሰናበት ማስረጃ ብታደርጉት፣ ወሬው በምሳ ሰዓት ፋብሪካውን ያዳርሳል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚደርሳችሁን ቁጥር ማመን አትችሉም።

የተፈረመው ወረቀት ግን የሚታመነው መጥፎ ዜና ሲመጣ በሚታየው ነገር ነው። በቶዮታ ፋብሪካዎች ኦፕሬተሩ ችግር ሲያይ ገመድ ይስባል፤ የቡድን መሪው ወዲያው ይመጣል፤ ችግሩ በተወሰነው ጊዜ ካልተፈታ ላይኑ ይቆማል። ጄነራል ሞተርስ በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት የነበረውን ፋብሪካ በእ.ኤ.አ. 1982 ዘግቶ ከሁለት ዓመት በኋላ ከቶዮታ ጋር በጥምረት ሲከፍተው፣ ተመልሰው የተቀጠሩት በአብዛኛው የቀድሞዎቹ ሠራተኞች ነበሩ። በጥራት ጉድለትና ከሥራ በመቅረት ይወቀሱ የነበሩት እነዚሁ ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ ጥራቱ በጃፓን ከሚመረተው ጋር የሚወዳደር መኪና ማምረት ቻሉ። የተለወጠው አሠራሩና የአመራሩ አያያዝ ነው፤ ገመዱን የሳበ ሰው እርዳታ ያገኝ ነበር።

እናንተ ዘንድ ገመድ ባይኖርም ኦፕሬተሯ እጇን ስታነሳ ሱፐርቫይዘሩ የሚናገረው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ያንኑ ሥራ ይሠራል። «ማን አበላሸው?» ከማለት ይልቅ «ስለነገርሽን እናመሰግናለን፤ ማሽኑ ላይ ምን አየሽ?» እንዲል አሠልጥኑት። ይህ ለይስሙላ የሚባል እንዳይሆን ጥያቄውን ተከትሎ መካኒኩ በዚያው ሺፍት መምጣት አለበት። ያደገበት አሠራር ጩኸት ለሆነ ሱፐርቫይዘር ይህ ቀላል አይደለምና እርሱም ከበላዮቹ ተመሳሳይ አያያዝ ሊያገኝ ይገባል፤ ከላይ እየተሰደበ ወደ ታች በትህትና እንዲናገር መጠበቅ ፍትሕ አይደለም።

ጥቂት ለኩ፣ በአንድ ትርጉም ለኩ

በአንድ ላይን ላይ ከሦስት በላይ መለኪያ አትጀምሩ። የጉድለት ብዛት፣ ማሽን የቆመበት ደቂቃ እና በሰዓት የወጣ ምርት ለመነሻ ይበቃሉ። ከዚያ በፊት ግን ጉድለት የሚባለው ምን እንደሆነ ተስማሙ። ሁለት የጥራት ተቆጣጣሪዎች ሳይመካከሩ እነዚያኑ 30 ሸሚዞች ለየብቻ እንዲመረምሩ አድርጉና ውጤታቸውን አስተያዩ። አንዱ የዘለለ ስፌት ብሎ የጣለውን ሌላው ካሳለፈው፣ የሚቀድመው ሥራ የናሙና ሸሚዝ ሰቅሎ ተቀባይነት ያለውንና የሌለውን በዓይን ማሳየት ነው። መዝገቡም ሥራው በሚሠራበት ቦታ፣ በሚሠራው ሰው እጅ ይሞላ፤ ማምሻውን ከትዝታ የሚሞላ ቅጽ ብዙም አይረባም። ውጤቱ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ለሞሉት ሰዎች ተመልሶ ይነገር። መረጃ የሚሰጥ ሰው መረጃው ምን ላይ እንደዋለ ሳያይ ወራት ካለፉ መሙላቱ ሸክም ብቻ ይሆንበታል።

የቁጥርን ተፈጥሯዊ ውጣ ውረድ ለዩ

ኃላፊዎች ሳያውቁት መተማመንን ከሚያጠፉባቸው መንገዶች ትልቁ ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ጠለቅ ብለን እንየው። አንድ ላይን በየቀኑ 200 ሸሚዝ ይመረመርበታል እንበል፤ በ25 የሥራ ቀናት የተገኘው አማካይ ጉድለት በቀን 12 ነው። ትናንት 9 ነበር፤ ዛሬ 15 ሆነ። ብዙዎቻችን «ምን ተፈጠረ?» ብለን ቡድኑን እንሰበስባለን። ዋልተር ሼውሃርት የተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ ባለሙያ በዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሲሠራ በእ.ኤ.አ. 1924 የነደፈው የቁጥጥር ሰንጠረዥ ይህን ጥያቄ በስሌት ይመልሳል።

ስሌቱ በእጅ ስልክ ይሠራል። አማካዩን 12ን ለ200 አካፍሉት፤ 0.06 ይመጣል። ከ1 ስትቀንሱት 0.94 ይሆናል። 12ን በ0.94 አባዙት፤ 11.28 ነው። የዚህ ስኩዌር ሩት 3.36 ገደማ ሲሆን በ3 ሲባዛ 10 ያህል ይሆናል። ይህን 10 ከ12 ስትቀንሱና በ12 ላይ ስትደምሩ ወሰኖቹን ታገኛላችሁ፤ ስለዚህ ምንም አዲስ ነገር ሳይፈጠር በዚህ ላይን ላይ የዕለቱ ጉድለት ከ2 እስከ 22 ሊወጣና ሊወርድ ይችላል። የ9ና የ15 ልዩነት ምንም አይነግረንም። ለ15 ማብራሪያ ስጡ የተባሉ ሰዎች ግን ማብራሪያ ይፈጥራሉ፤ በማግስቱም ቁጥሩ በራሱ ወደ 11 ሲመለስ ኃላፊው ተግሣጹ የሠራ ይመስለዋል። እንዲህ እያለ ቁጣ ውጤት እንደሚያመጣ ያምናል፤ ሠራተኛው ደግሞ ያለጥፋቱ እንደተቆጡት ያውቃል።

23 ወይም ከዚያ በላይ ቢመጣ ግን የተለየ ምክንያት በዚያው ቀን ፈልጉ፤ አዲስ የጨርቅ ጥቅል ገብቶ፣ ማሽን ተቀይሮ ወይም አዲስ ኦፕሬተር ተመድቦ ሊሆን ይችላል። ስምንት ተከታታይ ቀናት ከአማካዩ በአንድ ወገን ቢውሉም አንድ ነገር ተለውጧል ማለት ነው፤ ከአማካዩ በታች ከዋሉ መልካም ለውጥ ነውና እርሱንም መርምሩት። በእነዚህ ወሰኖች መካከል እያለ 12 በዝቶብናል የምትሉ ከሆነ መንስኤው በአሠራሩ ውስጥ ነው፤ የክሩ ጥራት፣ የመርፌው ቁጥር፣ የመብራቱ ብርሃን፣ የሥልጠናው ጊዜ። እነዚህን የመለወጥ ሥልጣን ያለው ኃላፊው እንጂ ኦፕሬተሯ አይደለችም። የሼውሃርትን ሐሳብ በእ.ኤ.አ. 1950 ለጃፓን መሐንዲሶችና ኃላፊዎች ያስተማሩት ኤድዋርድስ ዴሚንግ ፍርሃት ከሥራ ቦታ እንዲወገድና ለሠራተኛው የሚጣለው የቁጥር ኮታ እንዲቀር አጥብቀው ያሳሰቡት ለዚህ ነው።

ትንሽ ለውጥ፣ አንድ በአንድ

የላይኑ ሠራተኞች ለማሻሻያ የሚሰባሰቡበት የካይዘን ልማት ቡድን በሳምንት አንድ ጊዜ ከ15 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ላይኑ አጠገብ ቆሞ ይነጋገር። ከጉድለቶቹ የሚበዛውን አንዱን መርጦ አንድ ለውጥ ይሞክር፤ ከመሞከሩ በፊትም ምን ያህል ይቀንሳል ብሎ እንደሚገምት ይጻፍ። ሐሳቡን ያመነጨችው ኦፕሬተር በስሟ ትመስገን፤ ስም በመዝገብ ላይ እንዲጠቀስ የምመክረው በዚህ ቦታ ብቻ ነው። ሙከራው ካልሠራ ውጤቱ በዚያው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ያልሠራ ሙከራን የሚደብቅ ቡድን በሚቀጥለው ወር የሠራ የሚመስል ሙከራ ማቅረብ ይጀምራል።

የአሻራ መቆጣጠሪያና ካሜራ ባለበት ቦታ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ለተሰበሰበበት ግልጽ ዓላማ ብቻ እንዲውል ይደነግጋል። ለሰዓት መቆጣጠሪያ የተወሰደን አሻራ መጸዳጃ ቤት የቆዩበትን ደቂቃ ለመቁጠር ማዋል፣ ከሕጉም ባሻገር፣ የሠራችሁትን ሁሉ ያፈርሳል።

ይህን አሠራር ከመጀመራችሁ በፊት ለበላይ አካል አንድ ደብዳቤ ጻፉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የተመዘገበው ጉድለት ከቀድሞው ሊበልጥ እንደሚችል፣ ምክንያቱም ተደብቆ የነበረው መታየት መጀመሩ እንደሆነ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ መታየት ያለበት ደንበኛው መልሶ የላከው ሸሚዝ ብዛት እንደሆነ በግልጽ አስፍሩ። ቡድኑ የሚመዘግበው ጨምሮ ደንበኛው የሚመልሰው ከቀነሰ ጉድለቱ ከፋብሪካው ሳይወጣ እየተያዘ ነው። ሁለቱም አብረው ከጨመሩ የጥራት ችግር አለና መንስኤውን ፈልጉ። ቡድኑ የሚመዘግበው ቀንሶ ደንበኛው የሚመልሰው ከጨመረ ግን ሰዎች እንደገና መፍራት ጀምረዋል ማለት ነውና ወደ ተፈረመው ገጽ ተመለሱና የቱ ቃል እንደተጣሰ ከቡድኑ ጋር ለዩ።