በርሚንግሃም ስትገቡ ምሳችሁን መሀል ከተማ ብሉ

ከአትላንታ በአይ-20 ወደ አላባማ የምትነዱ ሁሉ፣ በርሚንግሃም ስትደርሱ መውጫው ላይ ያለው በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው ሬስቶራንት አያስቁማችሁ። ትንሽ ታገሡና ዳውንታውን ግቡ። ለዓመታት ጭር ብሎ የኖረው መሀል ከተማ አሁን ነፍስ ዘርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የተዘጋው የፒዚትዝ መደብር ሕንፃ እንኳ ታድሶ በ2017 የምግብ አዳራሽ ተከፍቶበታል።

ለምሳ ግን «ሚት ኤንድ ስሪ» የሚባሉትን የአገሬውን ቤቶች ፈልጉ፦ አንድ ሥጋ፣ ሦስት አትክልት፣ ከጎኑ የበቆሎ ዳቦ። ጾመኛም ሙስሊምም የሆናችሁ ይህን ልብ በሉ፦ ጎመኑ የእኛን ጎመን ቢመስልም በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች (እንደ አላባማ ባሉት) ልማድ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ሥጋ ጋር ነው የሚቀቀለው። ፎሶሊያውና ቦሎቄውም እንደዚያው። ማካሮኒ በቺዝ ራሱ ከአትክልቱ ተራ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ «ሥጋ አለው?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ ለጣዕም የገባን አጥንት እንደ ሥጋ የማይቆጥር አለ። «ከምን ጋር ተቀቀለ?» በሉ። ያበሰሉት እዚያው ጓዳ ስለሆኑ ትክክለኛውን መልስ ከእነሱ ማግኘት ይቻላል፤ እኔ የአገሬውን ቤት የምመርጠው በዋናነት ለዚህ ነው።

ሰዓቱንም አትርሱ። በርሚንግሃም ከአትላንታ በ1 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ደግሞ ከምሳ በኋላ ይዘጋሉ፣ ቅዳሜና እሑድ የማይከፍቱም አሉ። ቀድማችሁ ደውሉ። አምሽታችሁ ከደረሳችሁ፣ ወይም የምግብ አለርጂ ያለበት ልጅ ከያዛችሁ፣ ያኔ ባለ ብዙ ቅርንጫፉ ይሻላል፤ ትልልቆቹ አለርጂ የሚያመጡትን ነገሮች ድረ ገጻቸው ላይ ይዘረዝራሉ።