የተነካካ ፎቶ ልብ ሲነካ፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እናቴ አንድ የወንድሟ ፎቶ አላት። ጥቁርና ነጭ ነው። ጥጉ ተቀዷል፣ መሃሉ ላይ የእጥፋት መስመር አለው። አጎቴ ገና በወጣትነቱ ነው የሞተው፤ ከዚያ ሌላ ፎቶ የለውም። ላስደስታት ብዬ የድሮ ፎቶ በሚያድስ አፕ አሠራሁት። ቀለም ገባለት፣ ፊቱ ጠራ፣ እጥፋቱ ጠፋ። እየሮጥኩ ሄጄ አሳየኋት። ትንሽ አየችውና ስልኩን መለሰችልኝ። «ማነው ይሄ?» አለች። ከዚያ እንባዋ መጣ።

ያን ቀን በጣም ደነገጥኩ። የተቀየረ ፎቶ ለምን እንዲህ እንደሚያደርገን ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። እኔ የሠራኋቸውንና በየቀኑ ሲሠሩ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

«ትንሽ ነገር እኮ ነው የተቀየረው» ማለት

ፎቶዎቹን ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው። የአጎቴ ግራ ዓይን ከቀኙ ትንሽ ያንስ ነበር። አፑ እኩል አድርጎታል። ከንፈሩ ዳር የነበረችውን ጠባሳም አጥፍቷታል። እንዲህ ያለ አፕ ሰውየውን አያውቀውም። የደበዘዘውን ቦታ የሚሞላው ካያቸው ብዙ ፊቶች ገምቶ ነው። እናቴ ግን ወንድሟን የምታውቀው በዚያች ዓይንና በዚያች ጠባሳ ነው።

አእምሯችን ፊትን የሚያነበው ዓይንን ለብቻ፣ አፍንጫን ለብቻ እያደረገ አይደለም። በአንድነት ነው። ፒተር ቶምፕሰን የተባለ ተመራማሪ በ1980 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ይህን በሚገርም መንገድ አሳይቷል። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረችውን የማርጋሬት ታቸርን ፎቶ ወስዶ ዓይኖቿንና አፏን ብቻ ገለበጣቸው። ፎቶው ተዘቅዝቆ ሲታይ ብዙም ችግር ያለበት አይመስልም። ሲቃና ግን ያስፈራል። በለመድነው አቅጣጫ ሲመጣ ትንሿም ለውጥ ሰውነታችንን ትወረዋለች። ጃፓናዊው የሮቦት ሊቅ ማሳሂሮ ሞሪም በ1970 ተቀራራቢ ነገር ጽፏል፤ ሰው ሊመስል ትንሽ የቀረው ነገር ጭራሽ ሰው ከማይመስለው ይልቅ ይቀፋል።

ስለዚህ የሞተ ሰው ፎቶ ከመንካታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። ፊቱን ተዉት፤ ጭረቱንና ቆሻሻውን ብቻ አጽዱ። ዋናውን ፎቶ ደግሞ በምንም ዓይነት እንዳትጥሉት። እኔ በሁለተኛው ሙከራዬ እጥፋቱን ብቻ አጥፍቼ ወሰድኩላት። «እጥፋቱንም ተወው፣ ልጄ» አለችኝ። ለካ እሷ ራሷ ናት ያጠፈችው። ስንት ዓመት በቦርሳዋ ይዛው ዞራለች።

ስሜትን እንደ ማስረጃ መቁጠር

«እንዲህ ያንገበገበኝ እውነት ቢሆን ነው» ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ግን ስሜት ከማስተዋል ቀድሞ ነው የሚደርሰው። በ2006 በወጣ ጥናት ሰዎች አንድን ፊት ለ100 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ አንድ አሥረኛ) ብቻ አይተው ይታመናል አይታመንም የሚል ፍርድ ሰጥተዋል። ጊዜ ሲጨመርላቸው በአብዛኛው በፍርዳቸው ይበልጥ እርግጠኛ ሆኑ እንጂ ፍርዱን አልቀየሩትም።

ፎቶ የሚያጭበረብር ሰው ይህን ያውቃል። የሚያለቅስ ሕፃን፣ የሚነድ ቤት፣ የተዋረደ ቅዱስ ነገር የሚመርጠው በምክንያት ነው። ደማችን ሲፈላ «መጀመሪያ የለጠፈው ማነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ሼር ካደረግን በኋላ ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ ይመጣል፤ ውሸት መሆኑን ብናውቅም እንከራከራለን።

አንድ ፎቶ ደምህን ሲያፈላው ስልኩን አስቀምጠው። ሲበርድልህ ፎቶውን እንደ ጉግል ሌንስ ባለ የምስል መፈለጊያ ፈልገው። ብዙ ጊዜ የቆየ ፎቶ ሆኖ ታገኘዋለህ፤ ከሌላ ቦታ፣ ከሌላ ታሪክ የመጣ።

«የተማረ ሰው አይታለልም» ብሎ ማሰብ

በ1917 በእንግሊዝ፣ ኮቲንግሊ በምትባል መንደር፣ የ16 እና የ9 ዓመት ልጃገረዶች «ከተረት ፍጡራን ጋር ተነሳን» ብለው ፎቶ አሳዩ። ክንፍ ያላቸው ትንንሽ ሴቶች ይታያሉ። በ1920 ፎቶዎቹን እውነት ናቸው ብሎ ለዓለም ያስተዋወቀው አርተር ኮናን ዶይል ነው። ሐኪም ነበር። ደራሲም ነበር፤ ሼርሎክ ሆምስ የተባለውን ብልህ የልቦለድ መርማሪ የፈጠረው እሱ ነው። ባለፎቶዎቹ ፍጡራኑ ከወረቀት የተቆረጡ ሥዕሎች እንደነበሩ ያመኑት በ1983 ነው፤ ያኔ አርጅተው ነበር።

ኮናን ዶይል ልጁን በ1918 ቀብሯል። ከሞት ወዲያ የሆነ ነገር እንዳለ ማመን አጥብቆ ይፈልግ ነበር። ከዚያም በፊት፣ በ1860ዎቹ፣ አሜሪካዊው ዊልያም ሙምለር ከሰው ጀርባ የሟች «መንፈስ» የሚታይበት ፎቶ እያነሳ ይሸጥ ነበር። በ1869 በማጭበርበር ተከሶ ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በቂ ማስረጃ የለም ተብሎ ተለቀቀ። ሐዘንተኞች ከዚያም በኋላ ይሄዱለት ነበር።

የሚያታልለን ናፍቆታችን ወይም ፍርሃታችን ነው። ስለዚህ የተሸወደን ሰው «እንዴት ታምናለህ፣ አንተ ደደብ» አትበሉት። ምን እንደናፈቀው፣ ምን እንዳስፈራው ጠይቁት።

«ውሸት መሆኑ ከታወቀ አለቀ» ማለት

አያልቅም። ኪምበርሊ ዌድና ባልደረቦቿ በ2002 ባወጡት ጥናት 20 ሰዎችን የልጅነት ፎቶዎቻቸውን አሳዩ። ከፎቶዎቹ አንዱ ግን የተቀናበረ ነው፤ ሰውየው በልጅነቱ በአየር ባሉን፣ ሰው ጭኖ በሚበር ትልቅ ፊኛ፣ ላይ ሆኖ ይታያል። አንዳቸውም ባሉን ላይ ወጥተው አያውቁም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ ከተጠየቁ በኋላ ግማሾቹ ጉዞውን በከፊል ወይም በሙሉ «አስታወሱት»።

«ይሄ ውሸት ነው» የሚለው ጽሑፍ ይረሳል፤ ምስሉ ይቀራል። ሐሰት መሆኑን ልትናገሩ ስትነሱ ምስሉን መልሳችሁ በትልቁ አትለጥፉት። የግድ ከሆነ መሃሉ ላይ «የተቀነባበረ» ብላችሁ በጉልህ ጻፉበት፤ ተቆርጦ መውጣት እንዳይችል አድርጋችሁ።

ተጎጂን «አንቺ እኮ አይደለሽም፣ ምን አስለቀሰሽ» ማለት

ከሁሉም በላይ አንጀቴን የሚበላው ይሄኛው ነው። የአንዲት ሴት ፊት በሌላ ሰው ራቁት ገላ ላይ ይለጠፋል። ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ይህን ለመሥራት ሙያ አያስፈልግም። እሷ ስታለቅስ ዘመድ ሁሉ «የውሸት አይደል እንዴ» ይላታል። ገላው የእሷ አይደለም፤ ፊቱ ግን የእሷ ነው። ያየው ሰው ነገ ሲያገኛት የሚያስታውሰው ያንን ነው። እሷም ይህን ታውቃለች። ሥራ ስትገባ፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ሰላም ያላት ሰው ሁሉ አይቶት ይሆን እያለች ነው የምትውለው።

«እስኪ ልየው» አትበሏት። «ተመልከች የሠሩሽን» ብላችሁም አትላኩላት፤ እሱም ማሰራጨት ነው። ሊንኩን፣ ቀኑን፣ የለጠፈውን አካውንት መዝግባችሁ ለተለጠፈበት ማኅበራዊ ሚዲያ ሪፖርት ለማድረግ አግዟት። ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ስቶፕ ኤንሲአይአይ (StopNCII.org) የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ፤ ምስሉን ከስልኳ ሳያወጣ ዲጂታል አሻራውን፣ ማለትም ከምስሉ የሚሠራ መለያ ኮድ፣ ብቻ ወስዶ ለሚተባበሩት ማኅበራዊ ሚዲያዎች ያስተላልፋል። በምስሉ ያለችው ልጅ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ግን ምስሉን ማስቀመጥም መላክም የለም፤ በቀጥታ ሪፖርት ነው።

«ለውበት ብቻ ነው» ማለት

ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በየካቲት 1982 እትሙ ሽፋን ላይ የጊዛን ፒራሚዶች ገጹ እንዲበቃቸው ብሎ አቀራረባቸው። በዚያ ማንም አልተጎዳም፤ አንባቢ ግን ተቆጣ። ታይም መጽሔት በሰኔ 1994 በግድያ የተከሰሰውን የታዋቂውን አሜሪካዊ ስፖርተኛ የኦ ጄ ሲምፕሰንን የፖሊስ ፎቶ አጥቁሮ በሽፋኑ አወጣ። ሌላው መጽሔት ኒውስዊክ ያንኑ ፎቶ ሳይነካው ስላወጣው ልዩነቱ በየጋዜጣ መሸጫው ጎን ለጎን ታየ። የጥቁር ሰውን ቆዳ ይበልጥ ማጥቆር ወንጀለኛ ማስመሰል ነው ብሎ የተቆጣ ሰው ትክክል ነበር። ለጌጥ የተነካ ፎቶና እንደ ዜና የቀረበ ፎቶ አንድ አይደሉም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምንም ላለማመን መወሰን

ይሄ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ስንፍና ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ፍርስራሹ ፊት ቆሞ የተነሳውን ፎቶ ይለጥፋል። ከሥሩ የመጀመሪያው ኮሜንት «ኤአይ ነው» ይላል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። የኤአይ ስህተት ፍለጋ ጣቱን የሚቆጥር፣ ጥላውን የሚለካ ይመጣል። ቤቱ ግን ተቃጥሏል። ማን አነሳው፣ የት፣ መቼ ብሎ ለማጣራት ጊዜ ከሌለን ቢያንስ ያንን ኮሜንት አንጻፍ።