ዳገት ላይ ያለ ባህር ዛፋችሁን ንፋስ እየጣለው ከሆነ

መጀመሪያ የወደቀውን ቶሎ አትቆራርጡት፣ እዩት። ከነሥሩ ተነቅሎ ነው ወይስ ግንዱ ተሰብሮ? ብዙ ሰው "ንፋሱ በርትቶ ነው" ብሎ ለማገዶ ይሸጠውና በሚቀጥለው ክረምት ያው ይደገማል።

ከነሥሩ ከተነቀለ ሥሩን አገላብጡት። ተጠቅልሎ ካገኛችሁት ችግሩ ከችግኝ ጣቢያ ነው የመጣው፣ ችግኙ ላስቲክ ውስጥ ብዙ ስለቆየ ሥሩ እዛው ሲዞር ከርሞ ዛፉ ካደገም በኋላ እንደተጠማዘዘ ቀርቷል ማለት ነው። ለቆመው ምንም አይደረግለትም፣ በጊዜ መሸጥ ነው። ለሚቀጥለው ተከላ ግን ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አውልቁና ታች የተጠቀለለውን ሥር በምላጭ ቁረጡት፣ ላስቲኩን ከስር ቀደድ አድርጎ መትከል ስንፍና ነው። ሥሩ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ከሆነ ደግሞ አፈሩ ነው፦ ወይ ጭንጫ ወይ ውሃ የሚቋጥር ዋልካ። ዋልካውን በቦይ ማጠንፈፍ ይረዳል፣ ጭንጫ ላይ ያለውን ግን ሳይረዝም በአጠናነት ማንሳት ይሻላል።

ግንዱ ከተሰበረ አብዛኛውን ጊዜ ተጠጋግቶ ስለተተከለ ነው፣ ብርሃን ፍለጋ ወደላይ ይመዘዛል እንጂ አይወፍርም። ደረታችሁ ጋ (1.3 ሜትር) ዙሪያውን በሜትር ለኩና ለ3.14 አካፍሉ፣ ውፍረቱን ታገኛላችሁ፣ ከዛ ቁመቱን ለውፍረቱ አካፍሉ (ሁለቱንም በሳንቲ አድርጋችሁ)። ዙሪያው 38 ሳንቲ ቁመቱ 15 ሜትር የሆነ ዛፍ 125 አካባቢ ይመጣል። ለጥድ መሰል ዛፎች 80 ካለፈ ያሰጋል 100 ካለፈ አደገኛ ነው ይባላል፣ ባህር ዛፍ ላይ ግን የትኛው ክፍል እንደሚብስ ለማወዳደር ብቻ ተጠቀሙበት። መፍትሄው ማሳሳት ነው፣ ግን በልጅነቱ። ካረጀ በኋላ ግማሹን ባንዴ ካነሳችሁት የቀረው ተደጋግፎ መቆም የለመደ ስለሆነ ንፋሱ ያጋድመዋል፣ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ አንሱ፣ የንፋስ ፊት ያለውን ዳር አትንኩት።

ከጉቶ ያቆጠቆጠው ከጉቶው እየተገነጠለ ከሆነ ጉቶው ላይ ብዙ ተሸክሟል ማለት ነው። ጠንካራ አንድ ሁለት አስቀርታችሁ ሌላውን ገና ቀጭን ሳለ ንቀሉ።

ዛፉ ከዘመመስ? ሁሉም ወደ ቁልቁለቱ ከዘመመና ግንዱ ከስሩ ጎበጥ ካለ አፈሩ እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል። ቁልቁለቱ ወዴትም ይሁን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ከዘመመ ግን ንፋስ ነው። ንፋስ ሲነሳ (ማዕበል ከሆነ አትግቡ) ከግንዱ አጠገብ አፈሩ እግራችሁ ስር ከፍ ዝቅ ሲል ከተሰማችሁ ወይ መሬቱ ስንጥቅ ካለው ያ ዛፍ ዝናቡ መሬቱን ሲያርሰው ይወድቃል።

ድሮ ያልወደቀ ዘንድሮ ከወደቀ ደግሞ ጎረቤት መቁረጡን እዩ፣ እሱ ሲቆርጥ የናንተ መሃል ዳር ሆነ። የኮረብታ ጫፍና ሁለት ጉብታ መሃል ያለው በር ላይ ንፋሱ ስለሚፈጥን ከጎረቤት ጋ ተነጋግራችሁ በአንድ ሰሞን ቁረጡ።

ሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ የቀረውን በመጥረቢያ ለማውረድ ከስሩ የሚገባ ሰው አለ፣ እባካችሁ ተዉ፣ ገመድ አስራችሁ ከቁመቱ በላይ ራቅ ብላችሁ ጎትቱት።