በየወሩ የሚከፈል የግል ብድር እንዴት ይወሰዳል? ከመፈረማችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ የምታሰሉት ሒሳብ

የመጀመሪያ ብድሬን ስወስድ የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። «በወር ስንት ይደርስብኛል?» አልኩ። «6,600 ብር» ተባልኩ። ደመወዜ ይችለዋል ብዬ ፈረምኩ። 120,000 ብር፣ 16 በመቶ ወለድ፣ በ24 ወር የሚያልቅ።

በአሥረኛው ወር እቁብ ወጣልኝ፤ 80,000 ብር። ዕዳውን ዘግቼ ልገላገል ብዬ ደስ እያለኝ ወደ አበዳሪው ሄድኩ። በእኔ ሒሳብ ከዋናው ገንዘብ የቀረው 70,000 ብር ነው። የብድር ሠራተኛዋ ኮምፒውተሩን አየችና በቁራጭ ወረቀት ቁጥር ጽፋ ሰጠችኝ። 92,400 ይላል። ገና ያልደረሱትን የ14 ወራት ወለድ ጨምረው ነው የጠየቁኝ። ቤት ገብቼ ውሉን ሳነበው እውነታቸውን ነው። የፈረምኩት እንደዚያ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተበድሬያለሁ። ለባልደረቦቼም ውላቸውን አብሬ አንብቤያለሁ። እዚህ የምጽፈው ደመወዝተኛ ሰው በአገራችን የግል ብድር ሲወስድ የሚያልፍበትን መንገድ ነው።

1. ከየት እንደምትበደሩ ወስኑ

ደመወዝ ብቻ ላለው ሰው ዋናዎቹ በሮች ሦስት ናቸው፤ ባንክ፣ ማይክሮፋይናንስ እና የቁጠባና ብድር ማኅበር።

ቤት ወይም መኪና በመያዣነት ለማያቀርብ ሰው ባንክ ቶሎ አያበድርም። በብዛት የሚሳካው መሥሪያ ቤታችሁ ከባንኩ ጋር የሠራተኞች ብድር ስምምነት ሲኖረው ነው። ስለዚህ ባንክ ከመሄዳችሁ በፊት የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቁ። «ለጊዜው ብድር አቁመናል» ብትባሉም በእናንተ የመጣ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ባንኮች የሚሰጡት ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር። ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም፣ ባንኮች ያለቻቸውን ገንዘብ ቀድመው የሚሰጡት ለትልልቅ ደንበኞች ነው።

እኔ የማምነው የቁጠባና ብድር ማኅበርን ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ አባል ሆናችሁ፣ ዕጣ ገዝታችሁ፣ ወራት ትቆጥባላችሁ። የምታገኙትም የቁጠባችሁን እጥፍ እየታየ ነው። ግን ወለዱ ብዙ ጊዜ ይቀላል፤ ትርፉም ለአባላት ይመለሳል። ዛሬ ብድር ባትፈልጉ እንኳ መቆጠብ ጀምሩ። ብድር የሚያስፈልግ ቀን ሲመጣ ስድስት ወር ቆጥባችሁ ብትጠብቁት ይሻላል።

እንደ ቴሌብር መላ ያሉት የስልክ ብድሮች አነስተኛና አጭር ጊዜ ናቸው። ለሁለት ዓመት ዕቅድ አይሆኑም። በቴሌግራም «ያለ ዋስ፣ ያለ መያዣ በአንድ ቀን» እያለ አስቀድሞ «የፋይል መክፈቻ» ገንዘብ ላኩ የሚላችሁ ደግሞ ሌባ ነው። አራጣ አበዳሪ ጋ በፍጹም አትሂዱ። ድርጊቱ በወንጀል ያስጠይቃል፤ ባዶ ቼክ የተቀበለ ሰው ግን ክስ እስኪመሠረት አይጠብቃችሁም።

2. ደመወዛችሁ ስንት እንደሚሸከም እወቁ

አበዳሪው መጀመሪያ የሚያየው ቋሚ ሠራተኛ መሆናችሁንና የሙከራ ጊዜ ማለፋችሁን ነው። ኮንትራት ከሆናችሁ ብድሩ ከውላችሁ ማብቂያ በፊት እንዲያልቅ ይፈልጋል። ቀጥሎ የደመወዝ ሲሶ ይመጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ሁሉ ተደምሮ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም ይላል። ብዙ አበዳሪዎችም የሚለኩት በዚሁ ነው።

«ተደምሮ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። የመሥሪያ ቤት ቅድሚያ ክፍያ፣ የማኅበር መዋጮ፣ የቀድሞ ብድር ካለባችሁ ሁሉም ከዚያው ሲሶ ውስጥ ይገባል። 18,000 ብር የሚደርሰው ሰው ሲሶው 6,000 ነው። በዚህ ልክ የእኔ 6,600 ለእሱ አያልፍም። ሌላ ቦታ ያለባችሁን ብድርም አትደብቁ። ባንኮች የተበዳሪን ታሪክ በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ሥርዓት ያያሉ፤ የደበቃችሁት ሲገኝ ብድሩ ብቻ ሳይሆን እምነትም ይሄዳል።

3. ወረቀት

የፋይዳ መታወቂያ፣ ቲን ቁጥር፣ ጉርድ ፎቶ፣ የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ፣ የጥቂት ወራት የባንክ ስቴትመንት። ደብዳቤውን መጨረሻ ላይ አውጡ፤ ቀኑ ካለፈ እንደገና አጽፉ ይሏችኋል።

ብዙ ሰው የሚጉላላው በጋብቻ ማስረጃ ነው። ያላገባችሁ ከወረዳ ያላገባ ማስረጃ ታመጣላችሁ። ያገባችሁ የትዳር ጓደኛችሁ መጥታ ወይም መጥቶ መፈረም አለበት። ሠራተኛው ሊያስቸግራችሁ አይደለም። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የባልና ሚስት ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ነገሩን አስቀድማችሁ ቤት ውስጥ ጨርሱት። ቢሮ ድረስ መጥተው ከጠረጴዛው ፊት የተጣሉ ባልና ሚስት አይቻለሁ፤ ከባድ ነው።

4. ወለዱ በምን ላይ ነው የሚሰላው?

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። እኔ የወደቅኩት እዚህ ነው።

ሁለት ሰዎች «16 በመቶ» ብለው ሁለት የተለያየ ዋጋ ሊነግሯችሁ ይችላሉ። ሠራተኞቹ አንዱን «ፍላት» ሌላውን «ዲክላይኒንግ» ይሉታል። ፍላት ማለት ወለዱ እስከ መጨረሻው በመጀመሪያ በወሰዳችሁት ገንዘብ ላይ ይሰላል ማለት ነው። ዲክላይኒንግ ደግሞ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ነው፤ እየከፈላችሁ ስትሄዱ ወለዱም ይቀንሳል።

በእኔው ብድር እንየው። በፍላት የ120,000 ብር 16 በመቶ 19,200 ነው። ሁለት ዓመት ነውና 38,400። ከዋናው ጋር 158,400። ለ24 ሲካፈል ያ የነገሩኝ 6,600 ይመጣል። ከእያንዳንዱ 6,600 ውስጥ 5,000ው ዋናው ነው፤ 1,600ው ወለድ ነው። እስከ መጨረሻው አይለወጥም። እስቲ የመጨረሻውን ወር ተመልከቱ። በእጄ የቀረው የአበዳሪው ገንዘብ 5,000 ብር ብቻ ነው። ለዚያች 5,000 ብር የአንድ ወር ወለድ 1,600 ብር ከፍያለሁ። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ያው ብድር፣ ያው 16 በመቶ፣ ያው 24 ወር በዲክላይኒንግ ቢሆን የወር ክፍያው 5,876 ብር አካባቢ ነው። በመጀመሪያው ወር ወለዱ እዚህም 1,600 ነው፤ 4,276 ብር ከዋናው ይቀንሳል፤ 115,724 ይቀራል። በሁለተኛው ወር ወለዱ 1,543 ይሆናል። እንዲህ እያለ ይወርዳል። በሁለት ዓመት የምትከፍሉት ጠቅላላ ወለድ 21,000 ብር ገደማ ነው። በፍላት 38,400 ነበር። ልዩነቱ ከ17,000 ብር ይበልጣል። በሌላ አነጋገር የእኔ «16 በመቶ» በቀሪ ዕዳ ሲሰላ 28 በመቶ አካባቢ ነበር። ሲሶው 6,000 የሆነውን ያን ሰውም አስታውሱት። በፍላት ውድቅ የሚሆነው ሰው በዲክላይኒንግ ያልፋል።

ራሳችሁ ለመፈተሽ ቀላሉ መንገድ ይኸውና። ብድሩን በዓመታዊው ወለድ አባዙ፤ በዓመቱ ቁጥር አባዙ፤ ከብድሩ ጋር ደምራችሁ ለወራቱ አካፍሉ። የነገሯችሁ የወር ክፍያ ከዚህ ጋር አንድ ከሆነ ፍላት ነው። ካነሰ በቀሪ ዕዳ ነው የሚያሰሉት። ከበለጠ ሌላ የተጨመረ ነገር አለና ምንድነው ብላችሁ ጠይቁ። የስልክ ካልኩሌተር ይበቃችኋል። ኤክሴል የምትችሉ ደግሞ እያንዳንዱን ወር በአንድ ረድፍ አስቀምጡት፤ ወለድ፣ ከዋናው የተቀነሰ፣ ቀሪ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። አንዳንድ የብድር ማስያ መተግበሪያዎች ውጤቱን እንጂ መንገዱን አያሳዩም፤ በምን ዘዴ እንዳሰሉም አይታወቅም።

ከዚያ አበዳሪውን የአከፋፈል ሰንጠረዥ ጠይቁ። በወር በወር የተዘረዘረ፣ ማኅተም ያለበት። «ከፈረማችሁ በኋላ ይሰጣችኋል» ከተባለ አትፈርሙ። ሁለት ጥያቄ ጨምሩ። ቀድሜ ብዘጋ ያልደረሰው ወለድ ይነሳልኛል? ቅጣት አለው? መልሱ ውሉ ላይ ተጽፎ እዩት። በቃል የሚነገር ነገር እቁብ በወጣ ቀን አይሠራም።

5. በእጃችሁ የሚገባውን ቁጥር ያዙ

120,000 ብር ፈረምኩ። አካውንቴ የገባው 116,400 ነው። የአገልግሎት ክፍያና የብድር መድን አስቀድሞ ተቆረጠ። ወለዱ ግን በ120,000 ላይ ነው የሚሰላው። ገንዘቡ ለእናቴ ቤት ጣሪያ ነበር፤ ቆርቆሮውና እንጨቱ በትክክል ያንኑ ያህል ይፈጃል። የጎደለውን 3,600 ብር ከእህቴ ለመንኩ። እናንተ «ተቆርጦ ስንት ይደርሰኛል?» በሉ። በብድሩ ልክ የሚታገድ ቁጠባ ካለም ከዚያው ላይ ቀንሱት።

6. ዋስ

ዋስ ለመሆን እሺ የሚላችሁ ሰው ትልቅ ነገር እያደረገላችሁ ነው። ውሉን ሳያነብ አታስፈርሙት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት የዋስትና ውል ዋሱ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልጠቀሰ ዋጋ የለውም። መጠኑ ባዶ ቦታ ሆኖ «በኋላ እንሞላዋለን» ከተባለ ተነሡ። «በአንድነትና በነጠላ» የሚለውን ሐረግም አሳዩት። አበዳሪው መጀመሪያ እናንተን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ እሱ መሄድ ይችላል ማለት ነው።

ይህን ያወቅኩት በጭንቀት ነው። መሥሪያ ቤታችን የደመወዝ ባንክ ሲቀይር የእኔ ተቀናሽ ሁለት ወር ሳይተላለፍ ቀረ። ከደመወዜ ተቆርጧል፤ አበዳሪው ጋ ግን አልደረሰም። እኔ የማውቀው ነገር የለም። የተደወለው ለዋሴ ነው። ከሰዓት በኋላ ስልኩን እንደያዘ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። አልተቆጣም፤ ፊቱ ግን ልክ አልነበረም። ልጁ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር በዚያ ሳምንት።

ስለዚህ ደመወዝ ተቆረጠ ማለት ዕዳ ተከፈለ ማለት አይደለም። በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት አበዳሪው ጋ ደውላችሁ ወይም ሄዳችሁ ገቢ መሆኑን አረጋግጡ። በኋላም መሥሪያ ቤቱ ባንክ ወይም የደመወዝ ሥርዓት በቀየረ ቁጥር እንዲሁ አድርጉ። የደመወዝ ወረቀታችሁን አትጣሉ፤ ቅጣቱን ያነሡልኝ በእሱ ነው።

7. መፈረምና መዝጋት

ውሉን ቤት ወስዳችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት። የቅጣቱን አንቀጽ፣ ወለዱ በመሃል ሊለወጥ ይችላል የሚል ነገር መኖሩን፣ ሥራ ብትለቁ ምን እንደሚሆን እዩ። ብዙ ውል ላይ ሥራ የለቀቀ ሰው ቀሪውን በአንድ ጊዜ እንዲከፍል ይጠየቃል፤ መሥሪያ ቤቱም ክሊራንስ አይሰጥም። የውሉን ቅጂ ሳትይዙ አትውጡ።

የመጨረሻውን ክፍያ ስትከፍሉ ሥራው አላለቀም። ከዕዳ ነፃ መሆናችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁ። አንዱ ቅጂ ለመሥሪያ ቤቱ ፋይናንስ ይግባ፤ ካልገባ በ25ኛው ወርም ሊቆርጡባችሁ ይችላሉ። አንዱ ለዋሳችሁ መሥሪያ ቤት ይግባ፤ ፋይሉ ላይ ያለው የዋስትና ደብዳቤ እንዲነሣለት። እኔ የዋሴን ቅጂ ራሴ ወስጄ ሰጠሁት። አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተውና «ልጁ ዳነ እኮ» አለኝ።