የክረምት ጥናታችሁን ለሕዝብ ስታቀርቡ የሚያሰናክሏችሁ ስህተቶች

ክረምቱን ስትለፉ ከርማችኋል። ወሎ ውስጥ ቦርከና ወንዝ ዳር ውሃ ቀድታችኋል፤ ተሁለደሬ ውስጥ መጠይቅ ይዛችሁ ከቤት ቤት ዞራችኋል፤ ወይም ጤና ጣቢያ ቁጭ ብላችሁ መዝገብ ስትገለብጡ ውላችኋል። አሁን «ያገኛችሁትን ለሕዝብ አቅርቡ» ተብላችኋል። አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጡት ግን ፈታኞች አይደሉም። ነጋዴ አለ፣ ገበሬ አለ፣ የቀበሌ ሰው አለ፣ ልጇ ምን እንደሠራ ልታይ የመጣች እናት አለች። እንዲህ ባለ መድረክ ላይ የማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ምንጫቸው አንድ ነው። ለዲፌንስ፣ ማለትም ተማሪ ጥናቱን ፈታኞች ፊት ለሚከላከልበት መድረክ፣ የተዘጋጀው ነገር እንዳለ ተገልብጦ ለጎረቤት ይቀርባል።

ከዘዴው መጀመር

ፈታኝ መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው እንዴት እንደሠራችሁት ነው። ሕዝቡ የሚፈልገው ምን እንዳገኛችሁ ነው። ናሙና አወሳሰዱን አሥር ደቂቃ ስትተነትኑ ግማሹ ሰው ስልኩን አውጥቷል። ጥናታችሁ በሐይቅ ውሃ ላይ ከሆነ፣ ገና ሰላምታ እንደሰጣችሁ «ከጎርፉ በፊትና በኋላ ለካን፤ ይህን አገኘን» በሉ። ዘዴው አይቀርም። ሰው «በምን አወቃችሁ?» ማለቱ አይቀርምና ያኔ ትገቡበታላችሁ።

ቁጥሩን ሳይመነዝሩ መወርወር

ብዙ ጥሩ ጥናት የሚሞተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የናይትሬት (ከማዳበሪያና ከፍሳሽ ወደ ውሃ የሚገባ ኬሚካል) ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ይህን ስትናገሩ ሰው በትህትና አንገቱን ይነቀንቃል፤ የያዘው ነገር ግን የለም። 20 ሊትር በሚይዘው ጀሪካን አስሉት፤ ልክ አንድ ግራም ይመጣል። ጀሪካኑን በየቀኑ የምትሸከመው ሴት ይህን አትረሳውም።

የመሬት ጥናትም እንደዚያው ነው። «በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል» ከማለት በጥማድ ተናገሩ። በተለምዶ አንድ ሄክታር አራት ጥማድ ነው ይባላል፤ ጥማዱ ግን ከአገር አገር ስለሚለያይ አስቀድማችሁ እዚያው ሰፈር ጠይቁ። «60 ከመቶ» የሚለውም ያሳስታል። የጠየቃችሁት 20 ሰው ከሆነ «ከ20ዎቹ 12ቱ» በሉ። አድማጩ ጥናቱ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አብሮ ያውቃል፤ ማወቅም አለበት።

ሰዓቱን ደግሞ ማንም ልብ አይለውም። ስላይዱ ላይ «ናሙና የተወሰደው 8:00» ተብሎ ይጻፋል። መሣሪያው የመዘገበው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ነው። አዳራሹ የሚያነበው ግን ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ብሎ ነው። ጥናቱ ውሃ ውስጥ ስላለ ኦክስጅን ከሆነ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ውሃ ውስጥ ያሉ ዕፅዋት ኦክስጅን የሚያመነጩት ፀሐይ ሲያገኙ ስለሆነ የጠዋቱና የከሰዓቱ ልኬት ሰፊ ልዩነት ሊኖረው ይችላል። ወሩንም «ጁላይ» ሳይሆን ሐምሌ በሉት።

ፒ ቫልዩ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ቁጥር ለአማካሪያችሁ ተዉለት። «ልዩነቱ እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም» ካላችሁ ለዚህ መድረክ ይበቃል።

ስላይድ ላይ መንጠልጠል

በእንግሊዝኛ የታጨቀ ስላይድ ጀርባ ሰጥቶ ማንበብ ስህተት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ያደርገዋል። ከዚህ የባሰው መብራት ሲሄድ ነው። ዋናውን ሥዕል በትልቅ ወረቀት አሳትማችሁ ያዙ።

ሰው የሚያውቀውን ማስተማር

ለደላንታ ገበሬ በልግ ምን እንደሆነ ማስረዳት ምን ይባላል? ግን ይደረጋል፤ በትርጉምና በሰንጠረዥ ጭምር። በበልግ ዝናብ የሚያርስ ሰው ዝናቡ የዘገየበትን ዓመት በሰንጠረዥ ሳይሆን በጎተራው ነው የሚያስታውሰው። 77ን በዓይናቸው ያዩ አዛውንቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ ድርቅ «ባለድርሻ አካላትን ግንዛቤ ማስጨበጥ» እያሉ ማውራት ድፍረት ነው። የዝናብ መረጃችሁን አሳዩና «እናንተ ከምታስታውሱት ጋር ይገጥማል?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልገጠመ ወይ መረጃችሁ ጉድለት አለበት፣ ወይ አዲስ ጥያቄ አግኝታችኋል። ሁለቱም ትርፍ ነው።

ካገኙት በላይ መናገር

ኮምቦልቻ ላይ ለዮሌና ወርካ ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ ይገባባቸዋል። በዚህ ላይ ጥናት መሥራት ተገቢ ነው። ነገር ግን በአንድ ክረምት ሁለት ቦታ ቀድታችሁ «ወንዙ ተመርዟል» ብትሉ አያስኬድም። «ወንዙ ንጹሕ ነው» ማለትም አያስኬድም፤ እንዲያውም ይህኛው ይከፋል። በክረምት ወንዙ ይሞላል፤ ከፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ በብዙ ውሃ ይቀጥናል። በሐምሌ ዝቅ ብሎ የተገኘው ቁጥር ወንዙ ሲጎድል፣ ሚያዝያ ላይ፣ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። የክረምት ጥናት ሁሉ ይህ ገደብ አለበት። ገደቡን መጨረሻው ስላይድ ላይ በደቃቅ ፊደል አትደብቁት። ከውጤቱ ጋር በአንድ ትንፋሽ ይነገር።

ሐይቅ ላይ ደግሞ ወሬው ገበያውን ይቀድማል። «ዓሣው ላይ ብረት ተገኘ» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ከአዳራሹ ወጥታ ዓሣ ሻጩ ጋ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅባትም። ስንት ዓሣ መረመራችሁ? ከተፈቀደው መጠን በላይ ነው በታች? እነዚህ ካልተነገሩ ዐረፍተ ነገሯም አትነገር።

«ከጥናታችን ወሰን ውጭ ነው»

ዲፌንስ ላይ ይህ መልስ ያድናል። እዚህ ግን አንድ አባት ተነስተው «ልጄ፣ ታዲያ የጉድጓዱን ውሃ ልጠጣው ወይስ ልተወው?» ቢሉ ወሰን ውጭ አይባሉም። ተማሪዋ ስትደናገጥ አይተው «አብሽሪ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» ማለታቸውም አይቀርም። ወሎ ነዋ።

በጭንቀት ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «አፍልተው ይጠጡት» ነው። ችግሩ ጀርም ከሆነ ልክ ነው። ችግሩ ናይትሬት ከሆነ ግን ማፍላት አያወጣውም፤ ውሃው ሲተን የቀረው ውስጥ ናይትሬቱ ይበዛል እንጂ። ይበልጥ የሚጎዱት ደግሞ ከስድስት ወር በታች ያሉ፣ በውሃ የተበጠበጠ ዱቄት ወተት የሚጠጡ ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ መልሱ «አባ፣ ለጨቅላ ወተት መበጥበጫ አይጠቀሙበት፤ ለሌላው ግን፣ ውሃ ቢሮ ደግሞ እስኪለካው ድረስ እኔ እርግጠኛ ሆኜ አልነግርዎትም» ቢሆን ያስከብራል። አድማጮቻችሁ የሚጠይቋችሁን አምስት «ምን ላድርግ?» ጥያቄዎች ከመምጣታችሁ በፊት ጻፉና ከአማካሪያችሁ ጋር ተነጋገሩባቸው።

ጥቃቅን የሚመስሉ

ሰኞ ዕለት ባቲ ላይ ሰው አትጥሩ፤ ገበያ ነው። ዓርብ ከሆነ ጁምዓ እስኪወጣ ጠብቁ። የታማሚ ወይም የገበሬ ፊት ያለበትን ፎቶ ሳያስፈቅዱ አታሳዩ፤ ጎረቤቱ አዳራሹ ውስጥ ሊኖር ይችላል። «ክቡራንና ክቡራት» እየተባለ በስም ዝርዝር የሚያልቀው ጊዜ ከእናንተው ደቂቃ ላይ መሆኑንም አትርሱ።

መጠይቅ የሞሉላችሁ ሰዎች ደግሞ አብዛኞቹ አዳራሽ አይመጡም። ውጤቱን በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፋችሁ ቀበሌው ወይም ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ለጥፉላቸው። የሚያገኟችሁበትን ስልክም ጻፉበት፤ ጥያቄው የሚመጣው ከሳምንት በኋላ ነው።