«ያው ለውዝ ነው» ሲሏችሁ የቱ እንደሆነ እንዴት ትለያላችሁ?

አዳማ መናኸሪያ በር ላይ «ለውዝ! ለውዝ!» እያለች የምትዞረው ልጅ በወረቀት ጠቅልላ የምትሰጣችሁ ኦቾሎኒ ነው። እሱ ላይ ክርክር የለም። ጣጣው የሚጀምረው ሱፐርማርኬት ገብታችሁ ዳቦ ላይ የሚቀባ ቸኮሌት ስታነሱ ነው። «ሄዘልነት» ይላል። ሻጩን ስጠይቀው «ያው ለውዝ ነው» አለኝ። አይደለም!

መጀመሪያ የት እንደሚያፈራ ጠይቁ። ኦቾሎኒ ከባቄላና ከአተር ወገን ነው። አበባው ከላይ ይወጣል፣ ፍሬው ግን አፈር ውስጥ ይበስላል። የባቢሌ ገበሬ ነቅሎ ነው የሚያወጣው። ዋናው ለውዝ፣ ፈረንጆች አልመንድ የሚሉት፣ የኮክ ዘመድ የሆነ ዛፍ ነው። ሄዘል ደግሞ ከሥሩ ብዙ ግንድ የሚያበቅል ቁጥቋጦ ነው፤ ፍሬው ነው ሄዘልነት የሚባለው። አብዛኛው የሚመጣው ከቱርክ ነው።

ከዚያ ፍሬውን በእጃችሁ ያዙት። የኦቾሎኒ ቅርፊት በጣት ይሰበራል። አልመንድ ጠፍጣፋ ሆኖ አንድ ጫፉ ሾጠጥ ይላል። ሄዘልነት ድቡልቡል ነው፣ ቅርፊቱም እንደ ብይ ጠንካራ።

«ፊልበርት» የሚል ካጋጠማችሁ አትደናገጡ፣ እሱም ከሄዘል ቤት ነው። ስሙ የመጣው ከቅዱስ ፊሊበርት ነው። በዓሉ በእኛ ነሐሴ 14 ይውላል፣ ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው። ፍሬው የሚደርሰውም በዚያው ሰሞን ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ከሆነ የእኛን ቃል ያዙ። ዘፍጥረት 30፥37 ላይ ያዕቆብ ከላጣቸው በትሮች አንዱ የለውዝ ነው። ኦቾሎኒማ ከየት በትር ይወጣዋል? የዕብራይስጡ ቃል «ሉዝ» ነው፣ የለውዝ ዘመድ። የ1611ዱ የንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ግን «ሄዘል» ብሎታል። የኋለኞቹ ትርጉሞች ወደ አልመንድ መለሱት።

ኮስሞቲክስ ቤት ስትገቡ ደግሞ የፊት ማጽጃው ላይ «ዊች ሄዘል» ይላል። ይሄ በስም ብቻ ነው የሚገናኘው። ከሌላ ቁጥቋጦ ልጥና ቅጠል የሚወጣ ነው፣ አይበላም። ጠርሙሱን አዙሩና የላቲን ስሙን ፈልጉ፦ «ሃማሜሊስ» ካለ ዊች ሄዘል፣ «ኮሪለስ» ካለ ሄዘል፣ «ፕሩነስ ዱልሲስ» ካለ አልመንድ፣ «አራኪስ» ካለ ኦቾሎኒ ነው። ቤታችሁ ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ካለ ግን በሻጭ ቃል ምንም አትግዙ። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡት።