ለዓይን ቆብ የውበት ቀዶ ጥገና ማደንዘዣ ሲመረጥ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የዓይን ቆቡን በቀዶ ጥገና ለማስተካከል የወሰነ ሰው ስለ ስፌቱ፣ ስለ እብጠቱና ስለ ጠባሳው ብዙ ይጠይቃል። ወደ ማደንዘዣው ሲደርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «እተኛለሁ ወይስ አልተኛም?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በመተኛትና ባለመተኛት መካከል ያሉትን በርካታ ደረጃዎች ይዘላል፤ ብዙዎቹ ስህተቶችም የሚመነጩት ከዚሁ ዝላይ ነው።

በጣም የተለመደው ስህተት፣ እንቅልፉ በጠለቀ ቁጥር ቀዶ ጥገናው የተሻለ ይሆናል ብሎ ማሰብ ነው። ከላይኛው ቆብ ላይ ትርፍ ቆዳ ለማንሣት በአብዛኛው የሚያስፈልገው ከአድሬናሊን ጋር የተቀላቀለ ጥቂት ሚሊ ሊትር ሊዶኬይን (የተወጋበትን ቦታ ብቻ የሚያደነዝዝ መድኃኒት) በቀጭን መርፌ መወጋት ብቻ ነው። መርፌው ለጥቂት ሰከንዶች ያቃጥላል፤ ከዚያ በኋላ ታካሚው መነካቱንና መጎተቱን እንጂ ሕመሙን አይሰማውም። አድሬናሊኑ፣ ብዙውን ጊዜ ከ100,000 እጅ አንድ እጅ ብቻ ሆኖ የሚጨመረው፣ ደም ሥሮችን በማጥበብ መድማትን ይቀንሳል፤ ይህን ለመሥራት ግን 10 ደቂቃ ገደማ ስለሚፈልግ፣ ሐኪሙ ወግቶ ቢጠብቅ ሥራ ፈታ ማለት አይደለም። ከዚህም በላይ ሐኪሙ በመካከል «ዓይንዎን ይክፈቱ፤ ወደ ላይ ይመልከቱ» የሚልበት ጊዜ አለ፤ በተለይ የተንጠለጠለውን ቆብ የሚያነሣው ጡንቻ አብሮ የሚጠገን ከሆነ፣ የሁለቱን ዓይኖች ከፍታ ማመጣጠን የሚቻለው ታካሚው ነቅቶ ሲታዘዝ ነው። በሙሉ ማደንዘዣ የተኛ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም፤ ሲነቃም ቢያስል ወይም ቢያስመልሰው ግፊቱ ጨምሮ ቁስሉ ሊደማ ይችላል። በነገራችን ላይ፣ በአንድ የአካል ክፍል ብቻ የሚወሰን ማደንዘዣ ታሪኩ የሚጀምረው ከዓይን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1884 የቪየናው ሐኪም ካርል ኮለር ዓይንን በኮኬይን ጠብታ ማደንዘዝ እንደሚቻል አሳየ።

ተቃራኒው ስህተት ደግሞ ጀግንነት ነው፤ «እኔ ምንም አያስፈልገኝም» ማለት። ከታችኛው ቆብ የስብ ከረጢት ሲወጣ ስቡን መጎተት ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚሰማ ሕመም ሊፈጥር ይችላል፤ ይኸው ጉተታ በነርቭ በኩል ወደ ልብ ደርሶ ትርታን በድንገት የሚያዘገይበት ጊዜም አለ። በጣም የፈራ ሰው የደም ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ከፍ ያለ ግፊትም የበለጠ ያደማል። እንዲህ ላለው ሰው ቀላል ማረጋጊያ መጨመር የሕክምናው አካል እንጂ ቅንጦት አይደለም። የፊት ቆዳን መሳብን ከመሰለ ረጅም ቀዶ ጥገና ጋር ሲጣመር ደግሞ ሙሉ ማደንዘዣ መምረጥ ምክንያታዊ ይሆናል።

በእኔ ግምት ከሁሉ የበለጠ አደጋ ያለው ግን «ማረጋጊያ» የሚለውን ቃል አንድ ወጥ ነገር አድርጎ መስማት ነው። ቀደም ብሎ የሚዋጥ ኪኒን፣ በደም ሥር የሚሰጥ ሚዳዞላም የተባለ የሚያረጋጋ መድኃኒት፣ ፈንታኒል ከተባለ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ጋር የሚሰጥ ፕሮፖፎል የተባለ የሚያስተኛ መድኃኒት፣ ሁሉም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ደረጃዎቹ በግድግዳ የተለዩ አይደሉም፤ አንዱን ሰው ዘና የሚያደርገው መጠን ሌላውን ትንፋሹ እስኪዳከም ሊያስተኛው ይችላል። የሚዳዞላምን ኃይል የሚሽር መድኃኒት አለ፤ ለፕሮፖፎል ግን የለም፤ ትንፋሽን ደግፎ መድኃኒቱ ከሰውነት እስኪወጣ መጠበቅ ብቻ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ምን ትሰጡኛላችሁ?» ብቻ ሳይሆን «ትንፋሼን የሚከታተለው ማን ነው?» የሚለውም ነው። ዓይኑና እጁ በቆቡ ላይ ያለው ቀዶ ሐኪም ይህን ሥራ ደርቦ ሊሠራ አይገባም። ሌላም ጉዳይ አለ፤ ማረጋጊያው ሲጠልቅ ኦክስጅን መስጠት ያስፈልጋል፣ ከአፍንጫ የሚፈስ ኦክስጅን ደግሞ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ደም ከሚያቆመው የኤሌክትሪክ መተኮሻ ጋር ሲገናኝ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ጠንቃቃ ቡድን በመተኮሻው ከመጠቀሙ በፊት ኦክስጅኑን ይዘጋል ወይም ይቀንሳል። እንቅልፍ ሁልጊዜ ጸጥታ ማለትም አይደለም፤ በፕሮፖፎል ያንቀላፋ ሰው ዓይኑ አካባቢ መርፌ ሲወጋ በድንገት የሚያስነጥስበት አጋጣሚ ለባለሙያዎች እንግዳ አይደለም።

የሚወስዱትን መድኃኒት መደበቅ ወይም «ቀላል ነው» ብሎ መዝለልም ዋጋ ያስከፍላል። አስፕሪን፣ ደም ማቅጠኛ፣ የዓሣ ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርት እንክብል ሁሉም መነገር አለባቸው፤ ከዓይን ኳስ በስተ ኋላ የሚጠራቀም ደም፣ ምንም እንኳ እምብዛም ባይከሰት፣ ብርሃንን እስከ ማሳጣት ይደርሳልና። ይሁን እንጂ ለልብ ወይም ለደም መርጋት የታዘዘ መድኃኒትን በራስ ውሳኔ ማቆም ሌላ ስህተት ነው፤ ይህን የሚወስነው ያዘዘው ሐኪም ነው። ፕሮፕራኖሎል የተባለውን የልብና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከአድሬናሊን ጋር ሲገናኝ የደም ግፊቱ በኃይል ሊንር ይችላል። ጮክ ብሎ ማንኮራፋትና በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥም መነገር አለበት፤ እንዲህ ያለው ሰው በማረጋጊያ ሥር የአየር መንገዱ በቀላሉ ይዘጋል። የሚገርመው ደግሞ፣ በቀላሉ የሚገለበጥ የላላ ቆብ ያላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ይኸው የትንፋሽ ችግር አለባቸው። በሌላ በኩል፣ ጥርስ ሲነቀል ከተወጉት መርፌ በኋላ ልባቸው የመታ ሰዎች «ሊዶኬይን አይስማማኝም» ይላሉ፤ ለሊዶኬይን እውነተኛ አለርጂ እጅግ ብርቅ ነው፣ በአብዛኛው ልብን ያስመታው አድሬናሊኑ ወይም ፍርሃቱ ነው። በትክክል የሆነውን መንገር እንጂ በራስ ስያሜ መስጠት አይጠቅምም።

ማረጋጊያ የሚወስድ ሰው ከሕክምናው በፊት ከቀላል ምግብ 6 ሰዓት፣ እንደ ውኃ ካለ ንጹሕ ፈሳሽ 2 ሰዓት መቆየቱ የተለመደ መመሪያ ነው፤ ቅባት የበዛበት ምግብ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ክብደት ለመቀነስ እንደ ሴማግሉታይድ ያለ መርፌ የሚወስድ ሰው ጨጓራው ዘግይቶ ስለሚራገፍ ይህንን አስቀድሞ መናገር አለበት። ብቻውን መኪና እየነዳ ለመመለስ ማቀድም አይቻልም፤ የማረጋጊያው ጭጋግ እስከ ማግስቱ ሊቆይ ይችላል፣ ቆቡ ብቻ የደነዘዘ ሰው እንኳ ዓይኑ ላይ በተቀባው ቅባትና በእብጠቱ ምክንያት አጥርቶ አያይም።

በመጨረሻም ነቅተው የሚታከሙ ሰዎች ሕመም ሲጀምራቸው በይሉኝታ ጥርስ ነክሰው ዝም ይላሉ፤ አንዳንዶች ደግሞ ሳያስቡት እጃቸውን ወደ ፊታቸው ያነሣሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ምላጩ ያለው ዓይን አጠገብ ነው፣ አካባቢውም ከጀርም የጸዳ ነው። እጅን ባለበት አቆይቶ፣ ራስን ሳያንቀሳቅሱ «እየተሰማኝ ነው» ማለት ይበቃል። ሐኪሙም ትንሽ ማደንዘዣ ጨምሮ ጥቂት ይጠብቅና ሥራውን ይቀጥላል።